«ቡና እየጠጡ ማውራት ሕክምና አይደለም» ላሉት ባለሙያ

የቅዳሜው አስተባባሪ፦
ባለፈው ሳምንት በተጠራንበት የጤና ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ፣ ከመጠጥና ከጫት ሱስ የወጡ ሰዎች በየእድሩ አዳራሽ ስለሚያደርጉት መደጋገፍ ተጠይቀው፣ «ቡና እየጠጡ ማውራት ሕክምና አይደለም፤ በባለሙያ የማይመሩት ቢበተኑ ይሻላል» ብለው ሲቀመጡ ቤቱ አጨበጨበላቸው። እኔ አረቄ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ኮልፌ ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙበትን ስብስብ ማስተባበር ከጀመርኩም ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ማስተባበር ማለት ዓርብ ማታ ለአሥራ አራቱም ደውሎ ስልክ የማያነሣውን መለየት፣ ለእሱ ቤት ማን እንደሚቀርብ ማስታወስ፣ የታክሲውን ከኪስ ሰጥቶ ያን ሰው መላክ ነው። የሐኪም ቀጠሮው ሁለት ወር የራቀበት ሰው እስከዚያ ድረስ ቡና ካልጠጣ ምን ይጠጣ?

ሲስተር ከጉለሌ፦
አነጋገራቸው ሻካራ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊይዘው ይችላል፤ ከዚያም መቃዠቱ፣ ላቡና ትኩሳቱ ሊከተሉና ሊገድሉት ይችላሉ። በተረኛነቴ ሌሊት የመጣ አንድ ሰው «ወንድሞቼ ዛሬውኑ ጣለው ስላሉኝ ጣልኩት» ብሎኛል። ምክሩ ከልብ የመነጨ እንደነበር አልጠራጠርም። ለዚህ የሚሰጡት ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ግን ከልብ አይመነጩም።

የቅዳሜው አስተባባሪ፦
ሲስተር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኛ ማንንም «ዛሬውኑ ጣለው» አንልም። ለመሆኑ ያንን ሰው በዚያ ሌሊት እርስዎ ዘንድ ያደረሰው ማን ነበር?

ሲስተር ከጉለሌ፦
እናቱ ናቸው።

የእድር ጸሐፊ፦
ሁላችሁም ቡናው ላይ ተረባረባችሁ፤ ስለ ደብተሩ ግን ያነሣ የለም። ወንድማችን አስተባባሪው ስም፣ ስልክና «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን» የሚል ዓምድ የተሰመረበትን ደብተር ከእድራችን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ሄዶ ነበር። የወር መዋጮ ሊከፍሉ የመጡ ሁለት እናቶች ቅጠል በቅጠል ሲገልጡት የደረስኩት እኔ ነኝ፤ አንደኛዋ የልጇን እጮኛ ስም አግኝታበታለች። የተበተነውን ወሬ የሚሰበስብ ባለሙያ ካለ እስቲ ይምጣ። እድር ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚቀበር ሥርዓት አለው፤ በሕይወት ያለውን ሰው ገመና ለመጠበቅ ግን ገና ያወጣነው ደንብ የለም።

የቅዳሜው አስተባባሪ፦
ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታም ጠይቄያለሁ። ነገር ግን ጋሼ፣ ከዚያ በፊት የሚቆለፍ መሳቢያ ስለምን ሦስት ጊዜ እንደተከለከልኩ ቢያብራሩልን መልካም ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ የአልኮል ሱሰኞች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1935 አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲጀመር፣ መሥራቾቹ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ሐኪሙም ቢሆን በወንበሩ የተቀመጠው እንደ ጠጪ እንጂ እንደ ሐኪም አልነበረም። ደብተር የለም፣ የአባት ስም አይጠየቅም፣ ከውጭ ገንዘብ አይቀበሉም። ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

የእድር ጸሐፊ፦
እኛ ሰፈር አንድ ሰው «ስሜ ተስፋዬ ነው» ብሎ ሳይጨርስ፣ ከጎኑ ያለው የአባቱን ስም፣ የአያቱን አገርና ቤቱ ስንት ሰው እንደሚበላበት ይነግረዋል። ስም አለመጻፍ ይቻላል፤ አለመታወቅ ግን እንዴት እንደሚቻል ከሲልቨር ስፕሪንግ ቢጽፉልን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህም ሐበሻው ከሐበሻ ስብሰባ ይሸሻል፤ የሚሄደው ፈረንጆቹ ዘንድ ነው። የመታወቅ ሸክሙ እዚህም እንዳለ አልካድኩም።

ሲስተር ከጉለሌ፦
የሐራሬ አያቶች ታወሱኝ። ዚምባብዌ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠልጥነው ከጤና ጣቢያ ደጃፍ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው የሚያነጋግሩ እናቶች፣ ሲያዩዋቸው የሚጫወቱ ይመስላሉ። በእጃቸው ግን አሥራ አራት ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አለ፤ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሲገጥማቸውም ለማን እንደሚያስተላልፉ ያውቃሉ። እኛም ዘንድ ሶዶ ወረዳ ላይ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሰዎች ለሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን በየቤታቸው እንዲደግፉ ተደርጎ ውጤቱ በጎ ሆኗል፤ የጤና ጣቢያው ሕክምና ግን ከጎኑ ነበረ። ማውራቱ ይሠራል። የሚሠራው ግን ከበስተጀርባው ክትትል ሲኖር ነው፤ ባለሙያው «ሕክምና አይደለም» ያሉትም በዚሁ ትርጉም ይመስለኛል።

የቅዳሜው አስተባባሪ፦
ይመስልዎታል እንጂ እሳቸው «ይበተኑ» እንጂ «ይከታተሏቸው» አላሉም። ክትትል ካላችሁ እኔ ቀድሜ እፈርማለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ነርስ በወር አንድ ቅዳሜ እንዲመጣልን ጠይቀን «ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም» ተባልን። በኤችአይቪ ዘመን ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች ሌሎቹን እናቶች በየጤና ጣቢያው ሲደግፉ አበል ይሰጣቸው ነበር፤ የእኛ አካባቢዎቹ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወንበራቸውም ተነሣ። ስለዚህ «እንምራችሁ» ስትሉን፣ የምትመሩን እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ አብራችሁ ንገሩን።

የእንጦጦ መንገደኛ፦
ጠበል ቤቱን ለምን ዘለላችሁት? እርስ በርስ መደጋገፍ እኮ ከእናንተ ፕሮጀክት በፊት ሽንቁሩ ሚካኤል ጠበል ዘንድ ነበረ። አንዱ የሌላውን ሰንሰለት ይዞ የሚያስጠምቅ፣ ቆሎ የሚያካፍል እዚያ ነው።

ሲስተር ከጉለሌ፦
ሰንሰለቱን እንደ መደጋገፍ ባይቆጥሩት እመርጣለሁ። ጠበሉን ግን አልነካም፤ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር። የእኔ ጥል ክኒኑን ጉድጓድ ውስጥ ከሚያስጥለው አስጠማቂ ጋር ነው።

የእንጦጦ መንገደኛ፦
ሁሉም አስጠማቂ እንደዚያ አይደለም።

ሲስተር ከጉለሌ፦
ሁሉም አስተባባሪም ደብተር አይረሳም።

የልጅ እናት፦
ከላይ «እናቱ ናቸው» የሚለውን አንብቤ ነው የምጽፈው። የእኔ ልጅ አይጠጣም፣ አይቅምም፤ ድምፅ ይሰማዋል። አማኑኤል ሆስፒታል መድኃኒት ጀምሮ ተሽሎታል፤ ሆኖም ከክፍሉ አይወጣም። ቅዳሜ ወደተባለው አዳራሽ ወሰድኩት፤ ቡናው እስኪወርድ ድረስ አንድ ሰው ከጎኑ አልተቀመጠም፤ ስንወጣም አንዱ ጓደኛውን «ይኼ የእኛ አይደለም፣ የአማኑኤል ነው» ሲለው ሰማሁ። ከሱስ የወጡት ከአእምሮ ሕመም ጋር መቆጠር ያሳፍራቸዋል እንግዲህ። ሰው ጋ መቀመጥ ልጄን ምን ያህል እንደሚጠቅመው እኔ አውቃለሁ፤ የእናንተ ቡና ሕክምና ነው አይደለም የምትሉት ክርክር ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም።

የቅዳሜው አስተባባሪ፦
እናቴ፣ ያን ቀን አስታውሳለሁ፤ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። እውነቱን ልንገርዎ፦ ድምፅ ለሚሰማው ሰው ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር፤ ያስተማረኝም የለም። ልጅዎ በሚመጣው ቅዳሜ ቢመጣ እኔ ራሴ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

ሲስተር ከጉለሌ፦
«ያስተማረኝም የለም» የሚለው ቃል ይመዝገብልኝ። ስከራከርበት የቆየሁት ይኸው ነበር።

የቅዳሜው አስተባባሪ፦
ይመዝገብ። ከጎኑም «ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም» የሚለው ይጻፍ።

የእድር ጸሐፊ፦
የሚመጣው ቅዳሜ አዳራሹ ለተዝካር ተይዟል፤ ስብሰባችሁን እሑድ ከሰዓት አድርጉት። መሳቢያው ከነቁልፉ ተዘጋጅቷል። ካዋስናችሁ አሥራ ስድስት ሲኒዎች ውስጥ አሥራ አራቱ ተመልሰዋል፤ ሁለቱ ያሉት ማን ዘንድ እንደሆነ አስተባባሪው እስከ ዓርብ ያሳውቀን።