ባይነሪ በእስኪርቢቶ እና «ሹፌሩ» ፕሮግራመር

የጉለሌው፦ ትናንት ማታ አንዱ እዚሁ ግሩፕ ላይ «በሲ ቋንቋ የባይነሪ (ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ የሚጽፍ) መቀየሪያ ፕሮግራም በራሱ እጅ ያልጻፈ ልጅ ሹፌር እንጂ መካኒክ አይደለም» ብሎ ለጥፎ ላይክ ሲዘንብለት አደረ። እኔን ያናደደኝ ላይኩ ነው። ታናሽ እህቴ ፍሬሽማን ናት፣ ሚድ ላይ ወረቀት ሰጥተው 13ን ወደ ባይነሪ የሚቀይር ፕሮግራም በአሬይ (ብዙ ቁጥር በተርታ የሚቀመጥበት) ጻፊ አሏት፣ ከዛ ሴሚኮለን ረሳሽ ተብላ ማርክ ተቆረጠባት፣ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ወዲያው የሚነግራትን ነገር! ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ላይ እኮ ቢን ብለህ 13 ትሰጠዋለህ፣ አለቀ።

ባለሀርድዌሩ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። «አለቀ» ያልክበት ቦታ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። 13ን ለ2 ስታካፍል ቀሪ 1፣ 6ን ቀሪ 0፣ 3ን ቀሪ 1፣ 1ን ቀሪ 1። ቀሪዎቹ ተገልብጠው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ የሆነ ቦታ ታስቀምጣቸዋለህ፣ አሬዩ ለዚህ ነው፣ ከዛ ከኋላ ጀምረህ ፕሪንት ስታደርግ 1101። ሎፕ (መደጋገሚያው)፣ ሞዱለስ (ቀሪ ማውጫው)፣ ኢንዴክስ (የአሬዩ ቦታ ቁጥር) በአንድ ጥያቄ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ካለህ አምጣ።

ሚሚ_ዴቭ፦ ቆይ ሹፌር መሆን ምኑ ነው ነውሩ? አባቴ ሹፌር ነው፣ አምስታችንንም በመሪ ነው ያስተማረን።

ባለሀርድዌሩ፦ እህቴ ስለ አባትሽ ማን አወራ? ምሳሌ ነው።

ሚሚ_ዴቭ፦ እኔም ስለ ምሳሌህ ነው የማወራው። ዌብሳይት እየሰራሁ ቤተሰብ እረዳለሁ፣ በሲ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ሹፌር በለኛ።

ስምንት_ቢት፦ ሁለታችሁም ቆዩ። አሬዩ ራሱ እኮ አያስፈልግም። ከ31ኛው ቢት ጀምረህ ወደ ቀኝ ሺፍት እያደረግክ (ቢቶቹን እየገፋህ) ከ1 ጋር ኤንድ ብታደርገው (የመጨረሻውን ቢት ብቻ ብታስቀር) በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይወጣል። በናንተ ዘዴ እስቲ -13 አስገቡ። ሎፑ «ኤን (ያስገባችሁት ቁጥር) ከ0 ከበለጠ» ከሆነ ባዶ ስክሪን ነው፣ «ኤን 0 ካልሆነ» ከሆነ ደግሞ ሲ ላይ የኔጋቲቭ ቀሪው ኔጋቲቭ ስለሆነ -1-10-1 ይዘረግፍላችኋል። 0 ብታስገቡማ በሁለቱም ምንም የለም።

የጉለሌው፦ ሃሃሃ መካኒኩ መፍቻው ጠፋበት

ባለሀርድዌሩ፦ ልጁ ገና ሎፕ ሳይገባው ሺፍት ይማር? ጥያቄው አሬይ ለመለማመድ ነው። 8 ቦታ ያለው አሬይ ላይ አይ <= 8 ብሎ ሲጽፍ ከአሬዩ ውጪ ነው የሚጽፈው፣ ፓይተን ኢንዴክስ ኤረር ብሎ ያስቆመዋል፣ ሲ ግን ዝም ይላል፣ አጠገቡ ያለውን ቫሪያብል ሊያበላሽበት ይችላል፣ አንዴ ይሰራል አንዴ ይፈነዳል። ያንን ዝምታ ያልቀመሰ ሰው ስለ ሴኩሪቲ አያውራኝ። በፈረንጆቹ 2014 ሃርትብሊድ ምን ነበር? የኢንተርኔት ግንኙነት የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ርዝመት ሳያረጋግጡ ከሚገባው በላይ ማንበብ።

ሚሚ_ዴቭ፦ ሃርትብሊድን እኮ የጻፉት ሲ የሚያውቁ መካኒኮች ናቸው 😂😂 በራስህ ማስረጃ ሹፌሮቹን ነጻ አወጣሃቸው

ላብ_አሲስታንት፦ እኔ አስተምራለሁ፣ ስም አልጠራም። ወረቀት የምንሰጠው ወደን መሰላችሁ? ላቡ ውስጥ የሚሰራው ኮምፒውተርና የተማሪው ብዛት አይገናኝም፣ መብራት ደግሞ ፈተና ያለበትን ቀን መርጦ ነው የሚጠፋው። በሴሚኮለን ማርክ መቁረጡ ግን እኔም አይገባኝም።

የደሴ_ልጅ፦ ባይነሪን ከፈረንጅ የመጣ አታስመስሉት። ለ2 እያካፈሉ ማባዛትን እነሱ ራሳቸው «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይሉታል። 13 በ7 ስትፈልግ በአንድ በኩል 13፣ 6፣ 3፣ 1 እያልክ ትገምሳለህ፣ በሌላው 7፣ 14፣ 28፣ 56 እያልክ ታጥፋለህ፣ በምትገምሰው በኩል ያለው ቁጥር ሙሉ (ለ2 ያለቀሪ የሚካፈል) የሆነበትን መስመር ትሰርዛለህ፣ የቀሩትን ከሚታጠፈው በኩል ትደምራለህ፣ 7 ሲደመር 28 ሲደመር 56፣ 91። ጎዶሎውን 1 ሙሉውን 0 ብትለው፣ ጎዶሎ ሙሉ ጎዶሎ ጎዶሎ ማለት 1011፣ ገልብጠው ያው 13 ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሌይብኒዝ በፈረንጆቹ 1703 ስለ ባይነሪ የጻፈውን እኛ ገበያ ላይ እንሰራበት ነበር ይባላል።

ስምንት_ቢት፦ ያንኑ የሩሲያ ገበሬ ማባዣም ይሉታል ወንድሜ። በማጠፍ ማባዛት ደግሞ የጥንት ግብጾች ፓፒረስ ላይ አለ።

የደሴ_ልጅ፦ ዓባዩ አልበቃ ብሏቸው ማባዣውንም?

ኤግዚት_ጠባቂ፦ እናንተ ተጨቃጨቁ። ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም 50 ካላመጣህ ዲግሪ የለም፣ ጥያቄው ደግሞ መልስ የሚመረጥበት ነው፣ በእስኪርቢቶ ኮድ ጻፍ የሚልህ የለም። «ይሄ ኮድ ምን ያወጣል» ቢልህ ግን ሎፑን በጭንቅላትህ መከተል አለብህ። ለሱ ባለሀርድዌሩ ልክ ነው።

ባለሀርድዌሩ፦ ተባረክ። አንድ ሰው ገባው።

ሚሚ_ዴቭ፦ ማንበብና ሴሚኮለን መቁጠር አንድ ነው እንዴ? ሹፌር ያልከውን አጥፋና እናወራለን።

ባለሀርድዌሩ፦ አላጠፋም።

ስምንት_ቢት፦ ለማንኛውም ሲ23 (አዲሱ የሲ ስታንዳርድ) ላይ ማተሚያው ፕሪንትኤፍ በፐርሰንት ቢ ባይነሪውን ራሱ ያወጣዋል። ሲም አንድ መስመር ሆነ፣ ምን ይዋጣችሁ?

ላብ_አሲስታንት፦ ሲ23 ትላለህ፣ የኛ ላብ ላይ ያለው ያ ያረጀው ኮምፓይለር ቱርቦ ሲ ነው 😂

ባለሀርድዌሩ፦ @ስምንት_ቢት ቱርቦ ሲ ላይ ኢንት (ተራው የቁጥር ዓይነት) 16 ቢት ነው። 31ኛውን ቢት ከየት ልታመጣ ነበር?

ስምንት_ቢት፦ ሎንግ (32 ቢቱን) አድርገው!

ባለሀርድዌሩ፦ አሁን ነው ሎንግ ያልከው? ላይ ያለውን ኮሜንትህን ስክሪንሻት አንስቼዋለሁ።