የእድር ቤታችን የበሰበሰ የውስጥ ግድግዳ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊው፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ ድንኳን ለማውጣት መጋዘን የገባችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁ ስሙኝ። አዳራሹንና መጋዘኑን የሚከፍለው ግድግዳ በስብሷል። የንብረት ክፍሉ ሐጂ በሩን ለመዝጋት ሲታገሉ መቃኑን ደገፍ ብል ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። ካቻቢቴ አምጥቼ አጠገቡ ያለውን ቋሚ ከወለሉ ከፍ ብዬ ወጋሁት፤ ያለ ጉልበት እስከ እጀታው ጠለቀ። ስነቅለው ጫፉ ላይ የተጣበቀው ነገር የቡና አተላ እንጂ እንጨት አይመስልም ነበር። ከአሥራ አንዱ ቋሚዎች አምስቱ በመዶሻ እጀታ ሲመቱ የባዶ ቅል ድምፅ ይሰጣሉ። በሰኔው ጉባኤ ባዶ እጃችንን እንዳንቀርብ ሁላችሁም የመሰላችሁን ጻፉ።

ከኮምቦልቻ የሚጽፈው አባል፦ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ግድግዳውን አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው። ብሎኬቱን ከዚህ አስጭኜ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የዶሮ መዝለያን አቀበት ማሳለፍ የእኔ ድርሻ ይሁን። አይበሰብስ፣ ምስጥ አይበላው፤ በአንድ ሳምንት ተገላገልን።

ገንዘብ ያዧ፦ ልጄ፣ ማጓጓዣው ያንተ ይሁን፤ ሲሚንቶውስ? አሸዋውስ? ግንበኛውስ? የምናድሰው የእድር ቤት ነው እንጂ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አይደለም። ካዝና ውስጥ ያለው የሐዘንተኛ ገንዘብ ነው። ነገ አንዱ ቤት ሐዘን ሲገባ «ለግድግዳ አውጥተነዋል» ልንል ነው? ለጥገናው ልዩ መዋጮ ይጠየቅ እንጂ ካዝናው አይነካ።

የወደብ አናጺ የነበሩት አባል፦ እኔም ብሎኬቱን አልደግፍም፤ ምክንያቴ ግን ገንዘቡ አይደለም። ጥቂት ታገሡኝ።

አሰብ በአናጺነት ቆይቼ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጥቂት ዓመታት ጅቡቲ ሠርቻለሁ። እዚያ በሸራ የሚሄዱ ያረጁ ትንንሽ ጀልባዎች ለጥገና ይመጡ ነበር። ገላቸው ፋይበር ግላስ ነው፤ ሆዳቸውን የሚከፍሉት ግድግዳዎች ግን ኮምፔንሳቶ ናቸው። ባለቤቶቹ ግድግዳውን እንደ መኝታ ቤት መጋረጃ ያዩታል። እሱ ግን የጀልባዋ የጎድን አጥንት ነው፤ ማዕበል ሲያጣምማት ቅርጿን ይዞ የሚያቆያት እሱ ነው። በብዙዎቹ ላይ የሸራው ምሰሶ ገመዶች የሚታሰሩበት ብረት የላይኛውን ወለል በስቶ ይወርድና እዚሁ ግድግዳ ላይ በብሎን ይጠበቃል። ብረቱ ያለፈበት ቀዳዳ ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ የኮምፔንሳቶው ጠርዝም እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ላዩ በቫርኒሽ እንደ ሙሽራ እያበራ ውስጡ ያልቃል። ባለጀልባው መጀመሪያ የሚያስተውለው ታዲያ መበስበሱን አይደለም፤ አንድ በር አልገጥም ማለቱን ነው።

ስለዚህ ሐጂን ልጠይቅ፦ የመጋዘኑ በር መግጠም ያቆመው መቼ ነው?

ንብረት ክፍል (ሐጂ)፦ ካለፈው ክረምት በፊት ጀምሮ ነው። እኔ እርጥበት ያሳበጠው መስሎኝ ሁለት ጊዜ በመላጊያ ላግሁት። አሁን በበጋ ከሥሩ ድመት ያሳልፋል፤ ከላይ ግን ዛሬም ይነክሳል። ሌላም ነገር አለ። ከግድግዳው በላይ ባለው የማዳበሪያ ኮርኒስ ላይ የሻይ መልክ ያለው ክብ ምልክት አለ። በየክረምቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ሦስት ደርሷል።

የወደብ አናጺ የነበሩት አባል፦ በሩ አላበጠም ሐጂ፤ ቤቱ ነው የተቀመጠው። ቋሚዎቹ ከሥር ሲሟሽሹ ላያቸው ላይ ያረፈው ወራጅ ወረደ፣ ወራጁ መቃኑን ተጫነው። እርስዎ ደግሞ ምንም ያላጠፋውን በር ላጉት።

ሦስቱ ቀለበቶች ነገሩን ይጨርሱታል፤ ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው። ቆርቆሮው የተነባበረበት ቦታ ወይም የምስማሩ ቀዳዳ መሆን አለበት። እንጨት የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይበሰብስም። ውሃውን ሳንዘጋ ብሎኬት ብንደረድር ወራጁ መበስበሱን ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ ልጆቻችን እዚሁ ተቀምጠው ይህንኑ ይጻጻፋሉ። ደግሞም ይህ ግድግዳ መሠረት የለውም፤ ቋሚዎቹ አፈር ውስጥ ነው የተቀበሩት። ያን ሁሉ ክብደት በምን ላይ ልናስቀምጠው ነው? ተዳፋታችን በክረምት እየተንሸራተተ የሚሠራውን ደግሞ ለደሴ ሰው አልነግርም።

ጸሐፊው፦ ከላይ ብቻ አይመስለኝም ጋሼ። እዚህ ላይ የምናዘዘው አለ። በ2008 ዓ.ም. ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አዳራሹ ለሠርግ ይከራያል ብለን የጭቃውን ምርጊት በሲሚንቶ አስለሰንነው፣ ዘይት ቀለምም ቀባነው። ትናንት አንዱን ጥግ በመሮ ነካ ሳደርገው ሲሚንቶው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ በግንቦት ፀሐይ እርጥብ ነው።

የወደብ አናጺ የነበሩት አባል፦ ይኸው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ያደርቀዋል። ሲሚንቶና ዘይት ቀለም ሲለብስ መተንፈሻ ያጣል፤ የጠጣው ውሃ ወደ እንጨቱ ይዞራል። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሳምረው።

ቋሚዎቹን ሙሉ በሙሉ መጣል አያስፈልግም። አስቀድሞ ወራጁ ከግድግዳው ግራና ቀኝ በባላ ይደገፍ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በአንድ ቀን ሁለት አይነካ። የበሰበሰው ካበቃበት አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ ጤናማው እንጨት ውስጥ ገብተን እንቆርጣለን። ለቅጥያው አሮጌውም አዲሱም ግማሽ ግማሹ ይጠረብና ይደራረባል፤ ድርርቡ ከእንጨቱ ውፍረት ሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ በሁለት ብሎን ይጠበቃል። የምስማር ነገር አታንሡብኝ። የቅጥያው ግርጌ አፈር አይንካ፤ እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በአፈሩ አፍ ላይ ነው። ልኩን በካርቶን እየቀደዳችሁ አውጡ፤ ጀልባ ላይም እንደዚያ ነበር የምንሠራው፤ ካርቶን ቢበላሽ አይቆጭም። የተቆረጠውን አፍ ደግሞ በተቃጠለ ዘይት ሳታጠግቡ እንዳትገጥሙ።

ከኮምቦልቻ የሚጽፈው አባል፦ ተረታሁ ጋሼ። ብሎኬቱን ትቼዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ። በየቋሚው ሥር ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ከፍ የሚል የኮንክሪት እግር እናፍስስ፤ በአናቱ ላይ አንግል ብረት ተቀብሮ እንጨቱ በብሎን ይያዝበት። ብረቱን እዚህ አስቆርጬና አስበስቼ አመጣለሁ። ለአምስት እግር የሚፈልገው ሲሚንቶ ትንሽ ነው፤ እትዬም አይቆጡም።

ገንዘብ ያዧ፦ ትንሽ ስትል በወረቀት ይሁን። ሦስት ፕሮፎርማ ካላየሁ አልፈርምም።

ከሸዋበር የሚጽፈው አባል፦ የአባቴን አሮጌ ቤት እያፈረስኩ ነው። ውስጡ የጥድ ቋሚዎች አሉ፤ ምስጥ አልደፈራቸውም። ዛሬ ጥድ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥቡን ገዝታችሁ ብትገጥሙት ሲደርቅ ይጣመማል። መርጣችሁ ውሰዱ፤ የምጠይቀው ማስጫኛ ብቻ ነው።

ንብረት ክፍል (ሐጂ)፦ አላህ ይስጥልን። አባትህንም ይማርልን፤ እንጨቱ የእድር ቤት ማቆሙን ቢያዩ ደስ ባላቸው። ግን ሥራው መቼ ነው? መጋዘኑ ሲፈታ ድንኳኑና አግዳሚው የት ያድራል? ሐዘን ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ሌሊት ስልክ ሲደወልልኝ ቁልፍ ይዤ የምሮጥበት ቦታ ይነገረኝ።

ጸሐፊው፦ ያላችሁትን አዋህጄ የሐሳቡን ረቂቅ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

«ኮሚቴው ጥገናው በሁለት ምዕራፍ እንዲከናወን ይጠይቃል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የቆርቆሮው ፍሳሽ እንዲደፈን፣ አሸንዳው እንዲጠረግና ወራጁ በባላ እንዲደገፍ፤ የግድግዳው ሥራ ግን ጭቃው በሚደርቅበት በኅዳር እንዲጀመር። አምስቱ ቋሚዎች በተለገሰው ጥድ ተቀጥለው በኮንክሪት እግር ላይ እንዲቆሙ፤ የሲሚንቶው ልስን ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ እንዲመረግና በኖራ እንዲቀባ። በሥራው ጊዜ የእድሩ ንብረት ከአዳራሹ መግቢያ በኩል ተቆልፎ እንዲቀመጥ። ወጪው ከአባላት በሚሰበሰብ ልዩ መዋጮ እንዲሸፈን፤ የእድሩ ካዝና እንዳይነካ።»

ገንዘብ ያዧ፦ «እንዳይነካ» የሚለው ላይ «በምንም ምክንያት» ጨምርበት። ደግሞ ጡረተኞችና አቅም የሌላቸው ከመዋጮው ነጻ መሆናቸው ይጻፍ፤ እነሱ ስማቸው ተጠርቶ ሲሳቀቁ ማየት አልፈልግም።

የወደብ አናጺ የነበሩት አባል፦ እኔም አንዲት መስመር አለችኝ። ኮርኒሱ ተመልሶ ሲሠራ ከግድግዳው በላይ ያለው ክፍል የሚከፈት ይሁን፤ በየመስከረሙ አንድ ሰው ጭንቅላቱን አስገብቶ በባትሪ ይይ።

ጸሐፊው፦ ሁለቱም ገብተዋል። ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰውና ረጅም መሰላል ለእሑድ ጠዋት 2 ሰዓት እፈልጋለሁ።

ከኮምቦልቻ የሚጽፈው አባል፦ እኔ እወጣለሁ። መሰላሉን ሌላ ሰው ያምጣ፤ ሚኒባስ አይጭንልኝም።

ንብረት ክፍል (ሐጂ)፦ መሰላል መጋዘን ውስጥ አለ። በሩን ለመክፈት ግን ሁለት ሰው ቀደም ብሎ ይምጣልኝ።