የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዬ ደረሰ፤ የፍጥነትና የርቀት ጥያቄ ግን አልገፋ አለኝ

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮሌጅ ለመግባት የሒሳብ ፈተና አለብኝ፣ እሱም ደርሷል። ክፍልፋዩንም ፐርሰንቱንም እንደምንም ተወጥቼዋለሁ። መኪና ተነሳ፣ ባቡር ተከተለ የሚሉት ግን ጭንቅላቴን አዞሩት። ኤክስ ብቻውን ሲመጣ አላጣውም። በወሬ ተሸፍኖ ሲመጣ፣ ያውም በሰው ቋንቋ፣ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ሁለቱን ልጻፍላችሁ።

አንደኛው፦ አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሌላ መኪና ከዚያው ቦታ ተነስቶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይከተለዋል። ከስንት ሰዓት በኋላ ይደርስበታል?

ሁለተኛው፦ ጀልባ ወንዙ በሚፈስበት አቅጣጫ 36 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ይሄዳል። ያንኑ ርቀት ወንዙን ተቃርኖ ሲመለስ 3 ሰዓት ይፈጅበታል። ውሃው ባይፈስ የጀልባው ፍጥነት ስንት ይሆን ነበር? የወንዙስ?

መልሱን ብቻ እንዳትሰጡኝ። መልሱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አለ። የቸገረኝ አካሄዱ ነው።

ሁለት ፈረቃ፦
አይዞሽ እህቴ። ይሄ ቀላል ነው። ርቀት ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ ነው፣ አለቀ። ሦስቱን ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጻፊያቸው፣ ርቀትን ከላይ፣ ሁለቱን ከታች። የምትፈልጊውን በጣትሽ ስትሸፍኚው የቀሩት ምን ማድረግ እንዳለብሽ ያሳዩሻል። እኔ በዚህ ነው ያለፍኩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ሦስት ማዕዘኑ መኪናው አንድ ሲሆን ይሠራል። ሁለት ሲሆኑ ጣት አይበቃም። እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም፣ ይቅርታ።

ልጄ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን ለራስሽ በአማርኛ ተርኪው። ከዚያ ቀመር ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ እዚህ ውስጥ እኩል የሆነው ምንድን ነው? አንዱ ሌላውን ሲከተል፣ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ተነስተው አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ርቀታቸው እኩል ነው። ከሁለት ጫፍ ተነስተው ፊት ለፊት ከመጡ ደግሞ የሁለቱ ርቀት ሲደመር ጠቅላላውን መንገድ ይሰጣል። ኢኩዌሽኑ ከዚህ ይወለዳል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የሁለተኛውን መኪና ሰዓት ኤክስ በይው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ስለወጣ የእሱ ሰዓት ኤክስ ሲደመር 1.5 ነው። ርቀታቸው እኩል ስለሆነ 60 ሲባዛ በ(ኤክስ + 1.5) ከ80 ኤክስ ጋር እኩል ይሆናል። ቅንፉን ስትፈቺው 60 ኤክስ + 90 = 80 ኤክስ። ስለዚህ 90 = 20 ኤክስ፣ ኤክስ 4.5 ሰዓት ሆነ። አረጋግጪው፦ 80 በ4.5 ሲባዛ 360፣ 60 በ6 ሲባዛም 360።

ያለ ኤክስም ይወጣል። የፊተኛው 90 ኪሎ ሜትር ቀድሟል። የኋለኛው በየሰዓቱ 20 ኪሎ ሜትር ያጠብባል። 90 ለ20 ሲካፈል 4.5። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። በ804 እ.ኤ.አ. የሞተው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩይን ሰበሰባቸው ከሚባሉት ጥያቄዎች አንዱ ውሻና ጥንቸል ነው። ጥንቸሉ 150 ጫማ ቀድሟል፣ ውሻው በአንድ ዝላይ 9 ጫማ ይሄዳል፣ ጥንቸሉ 7። በየዝላዩ 2 ጫማ ስለሚጠብ በ75 ዝላይ ይያዛል። ተማሪ እስከ ዛሬ በዚሁ ጥንቸል ይፈተናል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከማን መነሻ ነው? ከሁለተኛው ከሆነ 4.5፣ ከመጀመሪያው ከሆነ 6። ፈተና ላይ ሁለቱም በምርጫ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሆን ተብሎ። ሁለተኛ፣ 20 ደቂቃ 0.20 ሰዓት አይደለም፣ የሰዓት ሲሶ ነው። ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ ስትቀይሪ ደግሞ ለ3.6 አካፍይ። 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት 25 ሜትር በሰከንድ ነው።

የማታ ተማሪ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! «እኩል የሆነው ምንድን ነው» የሚለው በራልኝ። ጀልባው ላይ ግን ሁለት የማላውቀው ነገር አለ፣ የጀልባውም የወንዙም። ሁለት ኤክስ ይኖራል እንዴ?

ከባድ መኪና፦
አንዱን ኤክስ አንዱን ዋይ በይውና ቀጥይ። 36ን ለ2 ስታካፍይ 18፣ ለ3 ስታካፍይ 12። ሲወርድ ወንዙ ይገፋዋል፣ ሲወጣ ይይዘዋል። አሁን እቃ እየጫንኩ ነው፣ ቀሪውን ማታ እጽፍልሻለሁ።

ናፍቆት፦
ይሄን ሳነብ የአስረኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪያችን ትዝ አሉኝ። ጠመኔያቸው ሳይቀር። ያኔ «ባቡሩ መቼ ይደርሳል» ስንባል የሚያስጨንቀን እሱ ብቻ ነበር። አሁን የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ደመወዜ ከአንድ ጫፍ ይነሳል፣ የቤተሰብ ስልክ ከሌላ ጫፍ። ሁልጊዜ የሚገናኙት ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ላፕቶፕ ላኪ ብሎኛል። እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ መላክም አልቻልኩም። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሁለት ፈረቃ፦
ናፍቆት፣ ቁርጡን ንገሪው። በዚህ ወር አልችልም፣ በዚህ ወር እችላለሁ በይ። ዝም ስትይ ነው ቅሬታ የሚመጣው።

ጋሼ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የልጄ የቤት ሥራ «በ60 ሄዶ በዚያው መንገድ በ40 ቢመለስ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው» ይላል። 50 ብሎ ቢጽፍ መምህሩ ኤክስ አድርጎበት 48 ብሎ አረመው። 60 እና 40 ሲደመር 100፣ ለሁለት 50 ነው እኮ! ነገ ልሄድለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ባይሄዱ ይሻላል ወንድሜ። መምህሩ ልክ ነው። መንገዱን 120 ኪሎ ሜትር እንበለው። መሄጃው 2 ሰዓት፣ መመለሻው 3 ሰዓት። 240 ለ5 ሲካፈል 48። መንገዱን 60 ኪሎ ሜትር ቢያደርጉትም ያው 48 ነው።

ሁለት ፈረቃ፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ፣ ግን አማካይ ማለት ደምሮ ማካፈል ነው ብለው ያስተማሩን እናንተው ናችሁ። ዛሬ ተቀየረ?

ጡረተኛው መምህር፦
አልተቀየረም። የሚደመረው ርቀት ነው፣ የሚካፈለው ለጠቅላላ ጊዜ ነው። በ40 ሲሄድ መንገድ ላይ ብዙ ይቆያል፣ ስለዚህ ዝግተኛው ፍጥነት ይጫነዋል። 2 ሰዓት በ60፣ 2 ሰዓት በ40 ቢነዳ ኖሮ 50 ይሆን ነበር። ጥያቄው ግን እኩል ሰዓት አላለም፣ እኩል መንገድ ነው ያለው።

ከባድ መኪና፦
ጋሼ ልክ ናቸው። ይሄን መንገድ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። የዘገየውን ኋላ ላይ በፍጥነት በመንዳት አትመልሰውም። 120 ኪሎ ሜትር በ60 ፈንታ በ80 ብትሄድ ግማሽ ሰዓት ታተርፋለህ። በ100 ፈንታ በ120 ብትሄድ ግን 12 ደቂቃ ብቻ ነው የምታተርፈው። በሁለቱም የጨመርከው 20 ነው። ቅጣቱና ነዳጁ ግን እንደ ትርፉ አይቀንስም።

ሁለት ፈረቃ፦
አንተ ደግሞ ጀልባውን ትተህ እዚህ መጣህ!

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያው ይህን ይሞክሩ። ማክስ ቬርትሃይመር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ለአይንስታይን ልኮት የነበረ ጥያቄ ነው። አሮጌ መኪና 2 ማይል መንገድ አለበት። አንድ ማይል ዳገት፣ አንድ ማይል ቁልቁለት። ዳገቱን በሰዓት 15 ማይል ወጣው። የጠቅላላው ጉዞ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል እንዲሆን ቁልቁለቱን በስንት ይውረድ?

ሁለት ፈረቃ፦
45! 15 እና 45 ሲደመር 60፣ ለሁለት 30።

ጡረተኛው መምህር፦
ደቂቃውን ይቁጠሩ። 2 ማይል በሰዓት 30 ማይል ለመሄድ 4 ደቂቃ ያስፈልጋል። ዳገቱ ብቻውን ስንት ፈጀ?

ናፍቆት፦
አንድ ማይል በ15... 4 ደቂቃ። ውይ!

ሁለት ፈረቃ፦
እሺ በ100 ይውረድ። በ1000ስ?

ጡረተኛው መምህር፦
በ1000ም ቢወርድ አይሆንም። 4ቱ ደቂቃ ዳገቱ ጫፍ ላይ አልቋል።

ሁለት ፈረቃ፦
መልስ የሌለው ጥያቄ ምን ጥያቄ ነው? ለማንኛውም የልጄን መምህር ነገ አገኘዋለሁ። 48ን ተቀብያለሁ፣ ግን ልጁን ሳያስረዳ በቀይ ብቻ የጻፈበትን እጠይቀዋለሁ።