ሸክላዬ በበጋ ብቻ ለምን ይንጣጣል?

ሰላም ወገኖች፤ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የድሮ ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር አለኝ። ክረምት ላይ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከጥቅምት በኋላ ደረቁ ብርድና ነፋስ ሲገባ ግን ጣጣው ይጀምራል። ሸክላውን ከሽፋኑ ሳወጣው የክንዴን ፀጉር ያቆመዋል፤ አቧራውን እንደ ማግኔት ይሰበስባል። መርፌው ሲያርፍበት ጧ ጧ ነው። የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ስነካ ደግሞ ጣቴን ይቆነጥጠኛል፤ ያኔ ስፒከሩም ይጮኻል።

ስታቲክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) እንደሆነ ገብቶኛል። አየሩ ሲደርቅ ቻርጁ መሄጃ ያጣል፤ ሸክላውም ፕላስቲክ ስለሆነ ይዞ ያስቀረዋል። በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ይብስበታል። ወለሉ ላይ ደግሞ የመንዝ ባና ተነጥፏል፤ ሱፍ ስለሆነ ስረግጠው እሱም ስታቲክ ያመጣል። እሱን አንሳ እንዳትሉኝ፣ በዚህ ብርድ አይታሰብም!

የማጫወቻው የኧርዝ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው) ከአምፕሊፋየሩ ጋር ታስሯል። የቤቱ ሶኬት ግን ኧርዝ የለውም። መጀመሪያ እሱን በባለሙያ ላሠራ? ወይስ ክፍሉ ውስጥ ውሃ እያፈላሁ እርጥበቱን ላሳድግ? ለሸክላ መጥረጊያ የሚሆነውን የካርቦን ፋይበር ብሩሽስ የሞከረ አለ? ሸክላውን የፀጉር ኮንዲሽነር ቀባው ያለኝም ሰው ነበር፤ እሱን እንኳ አላደርገውም።