ጥቃቅኑን ወጪ እንዴት ቻላችሁት?
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ደሞዝ ሲገባ የቤት ኪራይ፣ እቁብና አስቤዛ ለይተን እናስቀምጣለን። እሱ አያስቸግርም። የሚያራቁተን ጥቃቅኑ ነው። ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ፤ በቀትር በእግር መሄድ አይታሰብም፣ ባጃጅ ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጁስ፣ ማታ የልጆቹ ሳምቡሳ። ከፊራ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ በፌስታል ሙሉ ማንጎ ይዤ እገባለሁ (ሲረክስ ማን ያልፋል?)። ባለቤቴ በደብተር እንመዝግብ ብላ ነበር፤ የባጃጅ ሳንቲም ማን ይጽፋል? ወሩ ሳይጋመስ ሱቅ ዱቤ እንጀምራለን። በዱቤ ደግሞ ዋጋ አይጠየቅም፣ ዝም ብሎ ይጻፋል። የሳምንቱን ወጪ በጥሬ ብር ለይቶ በፖስታ መያዝ የሞከረ አለ? ብሩ ሐሙስ ላይ ቢያልቅስ ምን ታደርጋላችሁ? በተለይ የድሬን ሙቀት የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።