«ግማሽ ሰዓትም ግማሽ ሰዓት ነው»

የመረረው፦ ዛሬ ጠዋት አንድ ዘገባ አምስት ሰው ላከልኝ። «ካይሮፕራክቲክ የጨቅላ ሕፃናትን የሆድ ቁርጠት እንደሚያድን ተረጋገጠ» ይላል። ካይሮፕራክቲክ ያው አከርካሪን በእጅ እያስተካከልን እናክማለን የሚሉበት ሙያ ነው። ማነው ያረጋገጠው? ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የ2021ዱ የዴንማርክ ሙከራ ነው። 200 ሕፃናት ገቡ፣ 185 ጨረሱ። ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት አከርካሪያቸው ታሸ። ግማሾቹ ክፍሉ ገብተው ምንም ሳይደረግላቸው ወጡ። ወላጅ ውጭ ስለሚጠብቅ የሱ ልጅ የቱ ጋ እንደደረሰው አያውቅም። የታሹት ለቅሶ በቀን በ1 ሰዓት ተኩል ቀነሰ። ማንም ያልነካቸውስ? በ1 ሰዓት! ይሄ ነው እንግዲህ «ተረጋገጠ»።

የሦስት ልጆች እናት፦ ታዲያ ልዩነት አለ አይደል? ግማሽ ሰዓትም ግማሽ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እግሩን ወደ ሆዱ እያጠፈ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ የሚጮህ ልጅ ይዘህ ኮሪደር ተመላልሰህ ታውቃለህ?

የመረረው፦ አውቃለሁ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ልጅ ያለው እናት ብቻ ነው ያለሽ ማነው?

ቁጥር ወዳድ፦ ወደ ግማሽ ሰዓቷ እንመለስ። ሕፃናቱ ሲጀምሩ ምን ያህል ያለቅሱ እንደነበር፣ ዕድሜያቸውና የታከሙበት ክሊኒክ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ሕክምናው ምንም ባይሠራ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል 0.066 ላይ ወጣ። የተለመደው መስመር ከ0.05 በታች ነው። ፈተናውን አላለፈም።

አከርካሪ፦ ሙያው የኔ ስለሆነ ልግባበት። አንደኛ፣ «ታሸ» አይባልም፤ ማስተካከል ነው። ሁለተኛ፣ 0.05 ከሰማይ የወረደ ቃል ነው እንዴ? እዚያው ጥናት ላይ ለቅሷቸው ቢያንስ በ1 ሰዓት የቀነሰላቸው ከታከሙት 63 በመቶ፣ ካልታከሙት 47 በመቶ ናቸው። የመረረው ይቺን ለምን ዘለልካት?

የመረረው፦ አልዘለልኳትም፤ አንተው አመጣህልኝ፣ አመሰግናለሁ። ሳይነኩ 47 በመቶ! ግማሽ ሊሆኑ ምን ቀራቸው? ደግሞ «ማስተካከል» ያልከው ምን ተጣሞ ነው የሚስተካከለው? የአንድ ወር ልጅ አከርካሪ?

ነርሷ፦ የጠመመ ነገር የለም። ይሄ ለቅሶ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይተዋል። ወላጅ መፍትሔ ፍለጋ የሚወጣው መቼ ነው? የባሰበት ሳምንት ላይ። ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጉለት ይሻለዋል። ብታዘፍኑለትም ይሻለዋል።

የሦስት ልጆች እናት፦ የኔ ልጅ የተሻላት በሁለተኛው ቀጠሮ ማግስት ነው። ቀኑን አልረሳውም። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ቤት ገብተን አላመንኩም፣ መተንፈሷን ጆሮዬን አስጠግቼ አየሁ።

ቁጥር ወዳድ፦ ስንት ሳምንቷ ነበር?

የሦስት ልጆች እናት፦ ሰባት። አውቃለሁ ምን ልትል እንደሆነ። አትበለው።

ቁጥር ወዳድ፦ አላልኩም። ግን የለቅሶውን ሰዓት የሚመዘግበው ወላጅ ነው፤ ተስፋ ያደረገ ወላጅ ደግሞ ሳያውቀው አሳንሶ ይጽፋል። ለዚህ ነው ወላጁ ያወቀበትና ያላወቀበት ሙከራ ውጤታቸው የሚለያየው። በ1999 ዴንማርክ ውስጥ አከርካሪ ማስተካከልን ከጋዝ ጠብታ ጋር አወዳደሩ፣ ወላጆቹ ያውቁ ነበር፣ ልዩነቱ ትልቅ ሆነ። በ2001 ኖርዌይ ውስጥ ወላጆቹ ሳያውቁ ተሠራ፣ ልዩነቱ ጠፋ።

የሦስት ልጆች እናት፦ «አሳንሶ ይጽፋል»! እናት ትዋሻለች በለኛ በግልጽ።

ቁጥር ወዳድ፦ ሳያውቀው አልኩ እኮ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ባሰ። ውሸታም ሳይሆን ጅል ናት ማለት ነው።

ነርሷ፦ እህቴ፣ እኔም ወልጄ አይቼዋለሁ፣ እኔም ነኝ የምሳሳተው። የኖርዌዩ ግን ደስ ይለኛል። ያልታከመውን ቡድን ነርስ ለ10 ደቂቃ አቀፈችው፣ በቃ። ከ40ው 24ቱ ተሻላቸው። ከታከሙት 46 ደግሞ 32ቱ። አምጧቸው፣ እኔ አቅፍላችኋለሁ።

አከርካሪ፦ 60 እና 70 በመቶ ማለት ነው። በእናንተ ሒሳብ 70 ከ60 አይበልጥም?

ቁጥር ወዳድ፦ በ86 ሕፃን? ሦስት አራት ልጅ ወዲያ ወዲህ ቢል ያልቃል።

ታዛቢ፦ ይሄ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ የለም እንዴ? የብሪታንያ ካይሮፕራክቲክ ማኅበር፣ ለሕፃናት ቁርጠት ማስረጃ የለውም ብሎ የጻፈበትን የሳይንስ ጸሐፊ ሳይመን ሲንግን በ2008 ከሶት፣ በ2010 ክሱን ጥሎ ወጣ። አለቀ።

አከርካሪ፦ ምኑ ነው ያለቀው? ክሱ የስም ማጥፋት ነበር። ዳኞቹ የጻፈው የግል አስተያየት ነው አሉ እንጂ ሕፃናት ላይ ብይን አልሰጡም። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ።

ታዛቢ፦ ማስረጃ ያለው ሰው ማስረጃውን ያወጣል፣ ጠበቃ አያቆምም።

የመረረው፦ አውስትራሊያ ውስጥ የሁለት ሳምንት ሕፃን ቁልቁል ተይዞ የታየበት ቪዲዮስ? በ2019 የራሳቸው የካይሮፕራክቲክ ቦርድ ከ2 ዓመት በታች አከርካሪ ማስተካከልን ለጊዜው አስቁሞ ነበር።

አከርካሪ፦ እሱን እኔም ተቃውሜዋለሁ። ግን ሙሉውን ተናገር። የቪክቶሪያ ግዛት ባስጠናው ግምገማ ጉዳት ደረሰ የሚል ማስረጃ የተገኘው በጣም ጥቂት ነው። ሕፃን ላይ የምንጫነው ጫና ደግሞ ቲማቲም መብሰሉን ለማየት በጣት ጫፍ ከምትነካው አይበልጥም።

ቁጥር ወዳድ፦ ያው ግምገማ የጥቅሙም ማስረጃ ደካማ ነው ብሏል። ቲማቲሙ ግን ገረመኝ። በጣት ጫፍ የተነካ ቲማቲም ምን ይስተካከላል?

የመረረው፦ ቲማቲም ስትነካ ቆይተህ «አዳንኩት» ነው የምትለው?

አከርካሪ፦ ጫናው አደገኛ አይደለም ለማለት ነው የተናገርኩት። አታጣሙት።

የመረረው፦ ከጠመመ አስተካክለው፣ ሙያህ ነው።

ነርሷ፦ ኧረ ተዉት። ሌላ ሙከራ ይሠራ ወይስ ይብቃ? ቁም ነገሩ እሱ ነው።

አከርካሪ፦ ይሠራ! የዴንማርኮቹ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ምናልባት የሚጠቅማቸው የተወሰኑ ሕፃናት ይሆናሉ። እነማን እንደሆኑ ሳይታወቅ በሩን መዝጋት ሳይንስ አይደለም።

የመረረው፦ 1999፣ 2001፣ 2021። መካከል ላይ ደግሞ ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን የ2012 ግምገማ፣ 6 ሙከራ፣ 325 ሕፃን፤ ወላጅ ያላወቀባቸውን ብቻ ሲያዩ ጥቅሙ አልታይ አለ። ስንት ጊዜ ነው በር ክፍት የሚሆነው? የሌላ ሰው አራስ ልጅ ነው እኮ የሚሞከርበት።

የሦስት ልጆች እናት፦ በሩን የምትዘጉት እናንተ እንቅልፍ ተኝታችሁ ነው። እኔ ዛሬም ብሆን እወስዳት ነበር። ግማሽ ሰዓት ነው፣ ግማሽ ሰዓት።

ቁጥር ወዳድ፦ ቀጠሮ ደርሶ መመለሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የሦስት ልጆች እናት፦ እሱን አልመልስልህም።

አከርካሪ፦ የቲማቲሙን ምሳሌ ደግሞ እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት፣ ሁሉም ይለዋል።