የአባቴ መርሳት ከዕድሜያቸው የመጣ ነው ወይስ ከመውደቃቸው?

የሞጣው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። ዕድሜያቸው 71 ሲሆን በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ፣ ዳዊትን በቃላቸው የሚደግሙ ሰው ናቸው። ከ9 ዓመት በፊት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲመለምሉ ወድቀው አከርካሪያቸው ተጎድቶ ነበር፤ ወራት ተኝተው ቢነሡም እስከ ዛሬ ከምርኩዝ አልተለዩም። ከሁለት ወር ገደማ በፊት ደግሞ ከገበያ ሲመለሱ በቅሎዋ ደንብራ ጣለቻቸው። ጭንቅላታቸው ከመሬት ቢጋጭም ደም ስላልፈሰሳቸውና ራሳቸውን ስላልሳቱ ነገሩን ንቀን ተውነው።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነውብናል። ቀን ይተኛሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ፤ ዳዊት ሲደግሙ መሐል ላይ ቆመው የሚቀጥለው ይጠፋቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት «ራሴን» ይላሉ፤ ግራ እግራቸውንም መጎተት ጀምረዋል። አንድ ቀን ደኅና ይሆኑና በማግሥቱ ይብስባቸዋል። ወደ አንድ ጤና ተቋም ብንወስዳቸው «ዕድሜ ነው፣ መጃጀት ነው» ተብለን ተመለስን። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ የኅብለ ሠረሠር (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ጉዳት ውሎ አድሮ አንጎልንም እየጎዳ የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚል ጥናት ማንበቡን ነገረኝ። አሁን የመጣባቸው ያ የድሮው አደጋ ይሆን? እኔም በልጅነቴ ከፈረስ ወድቄ ራሴን ስቼ ስለነበር ለራሴም ሰግቻለሁ።

ሐኪም ከደብረ ማርቆስ፦

ወንድም ዓለም፣ ከጻፉት ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ የበቅሎዋ ነገር ነው። አልዛይመርና መሰሎቹ የመርሳት በሽታዎች ዓመታት እየፈጁ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጣ፣ ዛሬ ሻል ነገ ባስ የሚል፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ያለበት፣ አንድ ወገንን የሚያደክም መርሳት ግን ሌላ ምክንያት እስኪታጣለት ድረስ «ዕድሜ ነው» ሊባል አይገባውም።

ሰው ሲያረጅ አንጎሉ መጠኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ በአንጎሉና በራስ ቅሉ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ከአንጎል ወደ ውጭኛው ሽፋን የሚሻገሩት ቀጫጭን የደም መላሽ ሥሮችም ይወጠራሉ። ስለዚህ ለጎረምሳ ምንም የማይሆን ምት ለሽማግሌ አንዱን ሥር በጥቂቱ ሊበጥስበት ይችላል። ደሙ በአንድ ጊዜ አይፈስም፤ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫናል። ምልክቱ ሲገለጥ ቤተሰቡ አወዳደቁን ረስቶታል፤ ሐኪሙም ካልጠየቀ አይነገረውም። እንዲህ እያለ ሊድን የሚችል ሰው «ጃጀ» ተብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሲቲ ስካን (የራስ ቅልን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ደሙን ያሳያል፤ ሲገኝም የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ ያፈሰዋል። በጊዜ ከተደረሰ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ይመለሳሉ። ሳይታዩ ይህ ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም፤ ስትሮክ፣ ኢንፌክሽን፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) መታወክና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አእምሮን ያደክማሉ። ሁሉም የሚለዩት ግን በምርመራ ነውና ወደ ባሕር ዳር ይውሰዷቸው፤ ለሐኪሙም ከሁሉ አስቀድመው መውደቃቸውን ይንገሩት።

የነርቭ ጥናት ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦

በሐኪሙ ሐሳብ እስማማለሁ። የአጎትዎ ልጅ ያነበበውም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጦችን ኅብለ ሠረሠር ጎድተው ሲከታተሉ፣ ጉዳቱ ከአንጎል የራቀ ሆኖ ሳለ አንጎላቸው ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ለረጅም ጊዜ ተቆጥተው ቆይተዋል፤ አይጦቹም በማስታወስ ፈተና ደክመዋል። በሰው ላይ ግን ነገሩ የተወሳሰበ ነው። ኅብለ ሠረሠሩ የተጎዳ ሰው የደም ግፊቱ ሊዋዥቅ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ ሊቆራረጥ፣ በዚያው አደጋ ጭንቅላቱም ተመትቶ ሊሆን ስለሚችል የትኛው ምን እንዳደረሰ መለየት ያስቸግራል። ከ9 ዓመት በፊት የደረሰ ጉዳት በሦስት ሳምንት ሰውን እንዲህ ይለውጣል ብዬ አላምንም።

ስለ ራስዎ ስጋት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ2.7 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ፣ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ የነበሩት ካልተጎዱት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ24 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ቀላል ጉዳት አንድ ጊዜ ብቻ ለደረሰበት ጭማሪው 17 በመቶ ሲሆን ጉዳቱ በተደጋገመ ቁጥር ይጨምራል። ይህ ከመቶ 24 ሰዎች ይታመማሉ ማለት እንዳይመስልዎት፤ በጥናቱ ከተካተቱት ሁሉ በክትትሉ ዘመን የታመሙት ከመቶ አምስት አይሞሉም። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ምት እንዳይደርስብዎት መጠንቀቁ ስለ ድሮው ከመጨነቅ ይሻላል፤ በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ከሆነ ሄልሜት አይለይዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። በየሆስፒታሉ የሚሰጠው የማስታወስ ፈተና ቀን መቁጠርን፣ ሥዕል አይቶ መሣልንና መቀነስን የሚጠይቅ፣ ለዘመናዊ ትምህርት ቤት ሰው የተዘጋጀ ነው። ቅኔ የተማሩ ሰው ሲደክሙ እርስዎ እንዳሉት በዳዊቱ ላይ ሊታይ ይችላልና ይህን ለሐኪሙ መንገርዎን አይርሱ።

አስታማሚ ልጅ፣ ፍኖተ ሰላም፦

እናቴን የያዛቸው እውነተኛው የመርሳት በሽታ ነው። መጀመሪያ ቡና ላይ አንዱን ወሬ ደግመው ያወሩ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ወጥ ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምሩ ጀመር፤ የእኔ ስም የጠፋቸው በአራተኛው ዓመት ነው። የእርስዎ አባት ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። እኛ ጸበሉንም ሐኪሙንም አላስቀረንም፤ አባቶችም መድኃኒቱን አቁሙ አላሉንም። የበሽታው ምልክት የጀመረበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ይምታታል።

የሞጣው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ መኪና አገኛለሁ። ሳልነግራችሁ የቀረ ነገር ቢኖር አባቴ ለልባቸው በየቀኑ አስፒሪን ይወስዳሉ፤ ለራስ ምታቱም እኔው ተጨማሪ ስሰጣቸው ነበር።

ሐኪም ከደብረ ማርቆስ፦

ሰኞን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይነሡ። አስፒሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ የጠረጠርነውን ነገር ያባብሰዋል። ለራስ ምታቱ የሚሰጡትን ከአሁን ጀምሮ ያቁሙ፤ ለልባቸው የታዘዘውን ጉዳይ የሚያዩዋቸው ሐኪሞች ይወስናሉና መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። መንገድ ላይ ቢያስመልሳቸው ወይም ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ቢሉ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ጎራ ብለው በአምቡላንስ እንዲያሻግሯቸው ይጠይቁ።